ተፈጥሮና እምቢታ

«ተፈጥሮ ነው» የምትለው አጭር አነጋገር በኅብረተሰባችን ውስጥ ከመጠኗ እጅግ የበለጠ ሥራ ትሠራለች። አንድ ጎረምሳ ልጃገረድ እየተከተለ መንገድ ሲዘጋባት ያዩ ሰዎች «ወንድ አይደል፤ ተፈጥሮው ነው» ብለው ያልፋሉ። ልጅቷ ፊቷን አዙራ ስትሄድም «የሴት ልጅ ተፈጥሮ ነው፤ እምቢ ስትል እሺ ማለቷ ነው» ይላሉ። አንዲቱ ቃል አሳዳጁን በነጻ ታሰናብታለች፤ የተሳዳጇን ቃል ደግሞ ከአፏ ነጥቃ ወደ ተቃራኒው ትተረጉመዋለች። ዳኛም፣ ጠበቃም፣ አስተርጓሚም ሆና የምትሠራ ቃል ናት። እንዲህ ያለ ሥልጣን የተሰጣትን ቃል ሳይመረምሩ መቀበል ለመምህርም፣ ለካድሬም፣ ለኪነ ጥበብ ሰውም የሚበጅ አይመስለኝም።

ሳይመረምሩ ከተቀበሉት አንዱ እኔ ራሴ ነበርሁ። በ1997 ዓ.ም.፣ ገና ወጣት ሳለሁ፣ ባለ ሦስት ገቢር ተውኔት ጽፌ ነበር። ታሪኩ አንድ የድኻ ገበሬ ልጅ የባለጸጋ ልጅ ወድዶ፣ ሽማግሌ ልኮ፣ በድኽነቱ ተንቆ ስለ መመለሱ ነው። በሁለተኛው ገቢር ማብቂያ ላይ ጀግናው ጓደኞቹን አስከትሎ ልጅቷን ከምንጭ ስትመለስ ይጠልፋታል። በሦስተኛው ገቢር ሁለቱ ትዳር ይዘው፣ ልጅ ወልደው፣ አባትየው ሲታረቃቸው ይታያል። የመደብን ግድግዳ ስለሚያፈርስ ፍቅር የጻፍሁ መስሎኝ ነበር። በልምምድ ጊዜ የልጅቷን ገጸ ባሕርይ የያዘችው ተዋናይት ጽሑፉን ይዛ መጣችና «እዚህ ስጠለፍ ምን እላለሁ?» አለችኝ። «ትጮኺያለሽ» አልኋት። «ከዚያስ?» «ከዚያማ ትወጂዋለሽ።» «መቼ?» አለችኝ። ጽሑፉን አገላበጥሁ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ገቢር መካከል መጋረጃ ከመውደቁና ከመነሣቱ በቀር ምንም የለም። «ተፈጥሮ ነው፤ ሴት ልጅ እያደር ትለምዳለች» ብዬ መለስሁላት። እርሷም ሌላ ቃል ሳትጨምር ወደ መድረኩ ተመለሰች። ተውኔቱ በታየ ቁጥር በጠለፋው ትዕይንት ላይ ጭብጨባው አዳራሹን ይሞላው ነበር።

ያቺ «መቼ?» የምትል ጥያቄ መልስ ሳታገኝ ብዙ ዓመት ከእኔ ጋር ቆየች። በኋላ ግን በስሙ መልስ የሰጠሁበት ተፈጥሮ ራሱ ምን እንደሚል ማወቅ አለብኝ ብዬ ስለ እንስሳት መጠናናት የተጻፈውን ማንበብ ያዝሁ። የሥነ ሕይወት ሊቅ አይደለሁም። ይሁን እንጂ አንድን ምስክር ደጋግሞ የጠራ ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ ቃሉን ሊሰማ ይገባዋል።

ቋንቋችን እንስሳትን በጾታ የሚለየው ብዙውን ጊዜ በመጠናቸው ነው። አንበሳው፣ ዝሆኑ፣ ጅቡ እንላለን፤ አይጧ፣ ወፏ እንላለን። ትልቁ ወንድ፣ ትንሹ ሴት ይሆናል። ስለዚህ በግራር ቅርንጫፍ ላይ ጎጆ የምትሠራውን ቢጫ ወፍ ስናይ «ወፏ ለልጆቿ ቤት ትሠራለች» ብለን እናልፋለን። ሠሪው ግን ወንዱ ነው። ከለምለም ሣር በምንቃሩ ስልት ስልት አድርጎ እየሰነጠቀ፣ እየቋጠረ፣ በመጀመሪያ አንድ ቀለበት ይሠራል፤ ቀለበቱ ውስጥ ቆሞ ዙሪያውን እንደ ሸማኔ ይሸምነዋል። ሲጨርስ ከጎጆው በር ቁልቁል ተንጠልጥሎ ክንፉን እያርገበገበ ይጣራል። ሴቷ ትመጣለች፤ ትገባለች፤ የተሸመነውን ሣር ከውስጥ እየሳበች፣ እየጎተተች ትፈትሻለች። ከወደደችው ለስላሳ ሣር አምጥታ ታነጥፍበታለች። ካልወደደችው ትሄዳለች። ሣሩ ደርቆ አረንጓዴነቱን ሲያጣ ጎጆውን የሚቀበል አይገኝም፤ ያን ጊዜ ሠሪው የገዛ ቤቱን በምንቃሩ አፍርሶ እዚያው ቦታ ላይ አዲስ ይጀምራል። ይህን ሥራ ሳነብ፣ ከስንት ረቂቅ በኋላ ወረቀት የቀደደ ደራሲ ትዝ አለኝ። እኛ ግን ተመልካች ስላላጨበጨበልን አዳራሹን የምንቆልፍበት መብት የለንም፤ እርሱም የለውም።

ይህን መሰሉን ነገር በሥርዓት ለማስረዳት የተነሣው ቻርልስ ዳርዊን ነው። የጣዎስ ጭራ ለኑሮ ትግል ምን ይጠቅማል? ከጠላት አያስመልጥም፣ ምግብ አያስገኝም፣ እንዲያውም ሸክም ነው። ዳርዊን ይህ እንቆቅልሽ ሲያስጨንቀው ኖሮ በ1871 እ.ኤ.አ. ስለ ሰው ዘር አመጣጥ ባሳተመው መጽሐፍ ሁለት መንገዶችን አመለከተ። አንደኛው ወንዶች እርስ በርሳቸው የሚያደርጉት ፍልሚያ ነው፤ የዋልያ ቀንድ፣ የአንበሳ ክርን ከዚህ ይመጣል። ሁለተኛው የሴቷ ምርጫ ነው። በሺህ ትውልድ ውስጥ ሴቶቹ ያማረውን እየመረጡ ጭራውን አስረዘሙት፤ ቀለሙን አደመቁት ማለት ነው።

የመጀመሪያውን ሐሳብ የዘመኑ ሊቃውንት ብዙም ሳይከራከሩ ተቀበሉት። ሁለተኛው ግን ለረጅም ጊዜ ተገፍቶ ኖረ። የዝግመተ ለውጥን ሐሳብ በራሱ መንገድ የደረሰበት አልፍሬድ ራስል ዋላስ እንኳ የሴቷን ምርጫ አልቀበልም ብሎ የወንዱን ድምቀት በወንዱ የሰውነት ኃይል ብዛት ለማስረዳት ሞከረ። ወንዶች ይዋጋሉ ሲባል ተፈጥሮ ነው የተባለ፣ ሴቷ ትመርጣለች ሲባል ለምን ቅኔ መሰለ? እንግዲህ ካርል ማርክስ በ1862 እ.ኤ.አ. ለኤንግልስ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ያነሣው ነጥብ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ዳርዊን በአራዊትና በዕፅዋት መካከል ያገኘው የራሱን የእንግሊዝን ኅብረተሰብ ከነሥራ ክፍፍሉ፣ ከነውድድሩ፣ ከነገበያው መሆኑ የሚያስደንቅ ነው ብሎ ነበር ማርክስ። ሰው ወደ ጫካ ሲሄድ ቤቱን ተሸክሞ ይሄዳል ማለቱ ነው። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ያገባች ሴት ንብረቷን በስሟ ለመያዝ ገና ትከራከር ነበር። የገዛ ሚስቱን ምርጫ የማይቆጥር ሊቅ የዶሮን ምርጫ እንዴት አድርጎ ይቆጥራል?

ዳርዊንም ቢሆን ከዚህ ነጻ አልነበረም። ለሴት ወፍ ማስተዋልንና ጣዕምን ሰጥቶ፣ ወደ ሰው ሲደርስ ግን ወንድ በአእምሮ ከሴት ይበልጣል ብሎ ጻፈ። ይህ የሚገርም ነው፤ ጣዎሷ የቀለም ዳኛ ስትሆን እንግሊዛዊቷ የወንዱ ተማሪ ሆነች። አንቶይኔት ብራውን ብላክዌል የተባለች አሜሪካዊት በ1875 እ.ኤ.አ. ባወጣችው መጽሐፍ ዳርዊን የወንዱን ወገን ብቻ ቆጥሮ የሴቷን ወገን ሳይቆጥር ሒሳቡን ዘጋው ብላ ተከራከረችው። ያን ጊዜ የሰማት ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ደግሞ የባሰ ነበር፤ ልማድ የላቦራቶሪ ካፖርት ለበሰ። እንግሊዛዊው አንጉስ ቤትማን በ1948 እ.ኤ.አ. በትንንሽ የፍራፍሬ ዝንቦች ላይ ሙከራ አድርጎ፣ ወንዱ ብዙ ሴት ባገኘ ቁጥር ዘሩ ይበዛል፤ ሴቷ ግን ከአንድ በላይ ብታገኝ አትጠቀምም፤ ስለዚህ ወንድ ቸኳይ፣ ሴት ተቆጣቢ ናት አለ። ሐሳቡ ከዝንብ ወደ ሰው ተዛመተ፤ በማስተማሪያ መጻሕፍት ውስጥም ገባ። ፓትሪሺያ ጎዋቲና ባልደረቦቿ ያንኑ ሙከራ ደግመው ውጤቱን ያወጡት በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። ከስድሳ አራት ዓመት በኋላ! ያገኙትም ቀላል ነገር ነበር። ቤትማን ወላጆቹን የለየው በዘር በሚተላለፉ ጉድለቶች ምልክት ነበር፤ ከሁለቱም ወላጆች ጉድለት የወረሱት ግልገሎች ደግሞ ሳይቆጠሩ ቀድመው ይሞቱ ነበር። ስለዚህ ቆጠራው ከመነሻው የተዛባ ነበር። ይህን ያህል ዘመን ማንም ሳይደግመው የቆየው ለምን ይመስላችኋል? የምናምነውን ነገር የሚነግረንን ምስክር መስቀለኛ ጥያቄ አንጠይቀውም።

ይህን ስል ግን በወንድና በሴት መካከል በተፈጥሮ ልዩነት የለም ማለቴ አይደለም። እንዲህ የሚሉ ቅን ሰዎች አሉ፤ ቅንነታቸውን ባከብርም ክርክሩን የሚጎዱት ይመስለኛል። የሴቷ እንቁላል ትልቅና ጥቂት ነው፤ የወንዱ ዘር ትንሽና የማይቆጠር ነው። ማርገዝና ማጥባትም ከዚህ ላይ ሲጨመር ሸክሙ በብዙ እንስሳት ዘንድ ወደ እናት ያዘነብላል። ሮበርት ትሪቨርስ በ1972 እ.ኤ.አ. እንዳብራራው፣ ለልጅ ብዙ የሚከፍለው ወገን ይመርጣል፤ ጥቂት የሚከፍለው ይፎካከራል። ልብ ማለት የሚገባን ግን ሕጉ የሚናገረው ስለ ከፋዩ እንጂ ስለ ሴት አለመሆኑን ነው። ማስረጃውም ሩቅ አይደለም። በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች ላይ፣ በተንሳፋፊ ቅጠል እየረገጠች የምትሄድ ጣተ ረጅም ወፍ አለች፤ ጃካና ይሏታል። በእርሷ ዘንድ ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፤ ክልሏን ከሌሎች ሴቶች ጋር እየተዋጋች ታስከብራለች፤ ከአንድ በላይ ባል ትይዛለች። እንቁላሉን የሚታቀፈው፣ ጫጩቶቹን በክንፉ ሥር ሸጉጦ የሚሸሸው ወንዱ ነው። በዚያ ሐይቅ ላይ «ተፈጥሮው ነው» የሚባለው እናት የሆነው አባት ነው።

በተረታችን «አያ ጅቦ» የምንለውስ? አያ ብለን የወንድ ማዕረግ ሰጥተነዋል፤ ሆዳም፣ ሞኝ፣ ጉልበተኛ ወንድ አድርገነው እንስቃለን። በእውነቱ በነጠብጣባሙ ጅብ መንጋ ውስጥ የምትገዛው ሴቷ ናት። በክብደት ትበልጣለች፤ በሥልጣንም ዝቅተኛዋ ሴት ከሌላ መንጋ ከመጣ ወንድ ትቀድማለች። በሐረር በር ላይ ከሰው እጅ ሥጋ ሲቀበሉ የሚታዩት ጅቦች የሚኖሩት በዚህ ሥርዓት ነው። ወንዱ ወደ ሴቷ ሲቀርብ ጥቂት ይራመዳል፣ ወደ ኋላ ይላል፣ ደግሞ ይራመዳል፤ ለወራት እንዲህ ሲመላለስ የሚኖር አለ። የሴቷ አካል አፈጣጠርም ያለ ፈቃዷ ግንኙነት እንዳይቻል የሚያደርግ ነው። የጥንት ሰዎች ይህን አካል አይተው ጅብ ወንድም ሴትም ናት ይሉ ነበር፤ አርስቶትል ይህን ወሬ ስሕተት ነው ብሎ ከጻፈ ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ወሬው ግን ከአርስቶትል ይልቅ ዕድሜ አገኘ።

እስከዚህ ድረስ ተፈጥሮ ከእኔ ጋር የተስማማች ይመስላል። እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ፤ ግን ሐቀኛ አይሆንም። ወደ ስሜን ተራሮች እንውጣ።

ጭላዳ ዝንጀሮ በአገራችን ደጋ ብቻ የሚገኝ ሣር በል እንስሳ ነው። ወንዱ ወደ 19 ኪሎ፣ ሴቷ ወደ 11 ኪሎ ትመዝናለች። የወንዱ ጎፈር ከትከሻው እስከ ወገቡ ይወርዳል፤ በደረቱ ላይ ፀጉር የሌለው ቀይ ቆዳ አለ፤ ቤተሰብ የሚመራው ወንድ ደረት ከሌሎቹ ይልቅ ይቀላል። አንድ መሪ ወንድ ከጥቂት ሴቶችና ከልጆቻቸው ጋር ይኖራል። ይህን ያየ መንገደኛ «እነሆ ንጉሡና ቁባቶቹ» ይላል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በስሜን ተቀምጦ ያጠናቸው ሮቢን ዳንባር ያየው ግን ሌላ ነው። ሴቶቹ እናትና ልጅ፣ እኅትማማችና የቅርብ ዘመድ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን አብረው ይኖራሉ። ቋሚዎቹ እነርሱ ናቸው፤ ወንዱ ተተኪ ነው። ከውጭ የመጣ ወንደላጤ መሪውን ሲገጥም የፍልሚያው ውጤት በጥርስ ብቻ አይወሰንም፤ ሴቶቹ ለማን እንደሚያደሉ ይታያል። መሪው የማይቀርባቸው፣ ፀጉራቸውን የማይፈትሽላቸው ሴቶች የበዙበት ቤት ለአዲሱ በሩን ቶሎ ይከፍታል። ንጉሥ የተባለው በምርጫ የተቀመጠ ነበር።

ነገር ግን በዚያው ተራራ ላይ በቅርብ ዓመታት የተደረገው ጥናት ሌላውን ገጽ ገለጠ። አዲሱ ወንድ ቤቱን ከያዘ በኋላ የቀድሞው መሪ ግልገሎች ብዙ ጊዜ ይሞታሉ፤ ገዳዩ ራሱ ነው። የሚጠቡ ልጆች ከሞቱ እናቶቹ ለእርሱ ዘር ቶሎ ይደርሳሉ። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከመሪ ለውጥ በኋላ እርጉዝ ከሆኑት ሴቶች አብዛኞቹ ፅንሱ ይወርድባቸዋል፤ ተወልዶ ከሚገደል ሳይወለድ ይቀራል ማለት ነው። ይህን ያነበብሁበት ሌሊት ተፈጥሮን በምስክርነት የመጥራት ፍላጎቴ በጣም ቀነሰ። የሴቷ ምርጫ በዚህ ተራራ ላይ አለ፤ የልጆቿ ደምም አለ። ለክርክሬ የሚመቸውን ወስጄ የማይመቸውን ብተው ከእነዚያ አዛውንት በምን እሻላለሁ?

ነገሩን ይበልጥ የሚያከብደው የቅርብ ዘመዶቻችን ሁኔታ ነው። ቺምፓንዚና ቦኖቦ በዝምድና ከሰው እኩል ይርቃሉ። በታንዛኒያ ጎምቤ ለብዙ ዓመታት የተጠኑት ቺምፓንዚዎች ወንዶች ሴቶቹን ይደበድባሉ፤ ደብዳቢውም ብዙ ልጅ ይወልዳል። ከኮንጎ ወንዝ በስተ ደቡብ የሚኖሩት ቦኖቦዎች ሴቶች ግን ዘመድ ባይሆኑ እንኳ ይተባበራሉ፤ አንድ ወንድ አንዷን ቢያስቸግር ተሰብስበው ያባርሩታል። ከሁለቱ ዘመዶቻችን የትኛውን ምስክር እንጥራ? ጠላፊው ቺምፓንዚን ይጠራል፤ እኔ ቦኖቦን እጠራለሁ፤ ዳኛው ሁለታችንንም ማሰናበት አለበት። በዱር የሚደረግ ነገር ሁሉ በዱር መደረጉን እንጂ መደረግ ያለበት መሆኑን አይነግረንም። ልጅ መግደልን ከጭላዳ የማይማር ሰው ሴት ማስገደድንም ከማንም ሊማር አይችልም።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ ንባብ ምን አተረፍሁ? አንድ ነገር አተረፍሁ። «ተፈጥሮ ነው» ባዩ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይላል፤ እንዲህ ነው ይላል፣ ስለዚህ ይሁን ይላል። ሁለተኛው በመጀመሪያው ላይ ሊቆም አይችልም ብለናል። የሚገርመው ግን መጀመሪያውም ሐሰት መሆኑ ነው። ወንድ ጠያቂ፣ ሴት ዝምተኛ፤ ወንድ አዳኝ፣ ሴት ታዳኝ የሚባለው ሥዕል ከግራሩ ላይም፣ ከሐይቁ ላይም፣ ከሐረር በርም አይገኝም። የተገኘው ከእኛ ቤት ነው።

በሰው ዘንድ ያለው የጾታ ልዩነትስ ምን ያህል ነው? የጎሪላ ወንድ በክብደት የሴቷን እጥፍ ያህላል፤ ወንድ ሰው ከሴቷ የሚረዝመው በአማካይ በሰባት ከመቶ ያህል ነው። ስለ አእምሮና ጠባይ ደግሞ ጃኔት ሃይድ በ2005 እ.ኤ.አ. 46 የጥናት ስብስቦችን አገናዝባ ከተለኩት ልዩነቶች 78 ከመቶው ትንሽ ወይም ከዜሮ የማይርቁ መሆናቸውን አሳይታለች። ቀሪዎቹ ልዩነቶች እውነተኞች ናቸው፤ ድንጋይ አርቆ በመወርወር ለምሳሌ ወንዱ በግልጽ ይበልጣል። ይህም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ኅብረተሰብን በድንጋይ ውርወራ ላይ የሚያቆም ማን ነው?

የማማለሉ ሥርዓት በሰው ዘንድ እንደ አገሩ መለያየቱን የሚያውቅ ሁሉ ልማድን ተፈጥሮ ብሎ ለመጥራት ያመነታል። በኒጀር የሚኖሩ ዎዳቤ የተባሉ ከብት አርቢዎች በክረምቱ ማብቂያ ገረወል የሚሉት በዓል አላቸው። ወጣት ወንዶች ፊታቸውን በቀይና በቢጫ ቀለም ተቀብተው፣ የሰጎን ላባ ሰክተው፣ ዓይናቸውን እያንከባለሉ፣ ጥርሳቸውን እያሳዩ በሰልፍ ይጨፍራሉ፤ ሴቶች ዳኞች ሆነው መልከ መልካሙን ይመርጣሉ። እኛ አገር መኳኳል የሴት ተፈጥሮ ነው ይባላል። የእኛው ጀግና ግን ግዳይ ጥሎ ሲመለስ የአንበሳ ጎፈር በራሱ ላይ ደፍቶ፣ እየፎከረ፣ እየዘለለ ሴቶች በእልልታ እንዲቀበሉት ይጠብቅ ነበር። ይህ መኳኳል ካልሆነ ምንድን ነው? በጥምቀት ደግሞ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ተብሎ የለበሰችው ልጃገረድ ሎሚ ይወረወርላታል፤ ታነሣዋለች ወይም ትተዋለች። የማንሣትና የመተው ጨዋታ ነው። በተረፈ የደጋው ገበሬ ጋብቻ በወላጆች ውል የሚፈጸም ስለ ነበር ልጅቷ ብቻ ሳትሆን ልጁም ብዙ ጊዜ አልተጠየቀም። ኤንግልስ በ1884 እ.ኤ.አ. ቤተሰብ የንብረት ታሪክ ያለው ተቋም ነው ሲል የተጠቀመባቸው አንዳንድ ማስረጃዎች በኋላ ዘመን ተመራማሪዎች ተቀባይነት ባያገኙም፣ የጥሎሽ ድርድር ሲሰማ ያደገ ሰው ዋናውን ነገር አይክድም።

«የሴት እምቢታ እሺታ ነው» የምትለው አባባል ምንጯ ይኸው የሽምግልና ሥርዓታችን ሳይሆን አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ። ሽማግሌዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጡ አባት እሺ አይልም። መክበድ አለበት፤ ልጄ ገና ናት፣ ዘመድ ላማክር፣ ሌላ ቀን ኑ ይላል። ሽማግሌዎቹም ይህ ጨዋነት መሆኑን አውቀው ይመለሳሉ። እምቢታው ሥርዓት ነው። ይህ የአባት እምቢታ በልጅቷ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ባሕርዩን ይለውጣል። አባትየው ከልቡ እምቢ ማለት ሲፈልግ እምቢታው ይጸናል፤ በሩን ሰብሮ የሚገባ ሽማግሌ የለም። የልጅቷ እምቢታ ግን ከልብ የሆነበት ቀን እንኳ ጨዋነት ነው ይባላል። እምቢ ማለት የማትችል ሰው እሺ ልትልም አትችልም። እሺታዋ ከምን ተለይቶ ይታወቃል? ያ በግራር ላይ የተንጠለጠለ ወፍ በጎጆው የተቀመጠችው ሴት እንደ መረጠችው ያውቃል፤ ልትሄድ ትችል ነበርና። ጠላፊ ባል ግን፣ ሚስቱ በእርግጥ ብትወድደው እንኳ፣ ይህን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አያውቀውም።

ቋንቋችን ይህን ጉድ በአንድ ሥር ውስጥ ይዞት ይኖራል። ደፋር ብለን እናመሰግናለን፤ ደፈራት ብለን እንከሳለን። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ በ1989 ዓ.ም. በተጠለፈች ተማሪ እውነተኛ ታሪክ ላይ ተመሥርቶ በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፊልም «ድፍረት» መባሉ ሁለቱን ትርጉሞች ፊት ለፊት ያቆማቸዋል፤ የልጅቷን ድፍረትና በእርሷ ላይ የተፈጸመውን ድፍረት። ሕጋችንም ቢሆን በሁለቱ መካከል ሲወላውል ኖሯል። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል ቢያደርግም፣ ጠላፊውና የተጠለፈችው ከተጋቡ ክሱ ይቀር ነበር፤ ጋብቻው በነጻ ፈቃድ የሆነ እንደ ሆነ ይላል ሕጉ፣ በጠላፊ ቤት ውስጥ ነጻ ፈቃድ የሚገኝ ይመስል። በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው አዲሱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ጠለፋን ከሦስት እስከ ዐሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ በኋላ የተፈጸመ ጋብቻም ከቅጣት አያድንም ብሎ ያንን በር ዘጋው። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት እኔ በመድረክ ላይ በሩን ከፍቼ ተመልካች አስጨበጭብ ነበር። ሕግ አውጪው ከገጣሚው ቀደመ፤ ይህን መናገር ለአንድ የኪነ ጥበብ ሰው ቀላል አይደለም።

የዛሬ ተውኔቶቻችንንና ተከታታይ ድራማዎቻችንን የሚያይ ሰው ያ ጭብጨባ ፈጽሞ እንዳልጠፋ ይረዳል። ጠለፋው ቀርቷል፤ በምትኩ ልጅቷ እስክትደክም ድረስ በሯ ላይ የሚቆመው፣ ስልኳን የሚያጨናንቀው፣ እምቢ ባለችው ቁጥር አበባ የሚያበዛው ጀግና ገብቷል። መጨረሻ ላይ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ እቅፉ ውስጥ ትገባለች። ደራሲዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ አልፈርድባቸውም፤ ከማን እንደ ተማሩት ስለማውቅ።

ባለፈው ክረምት የዚያን ተውኔት ጽሑፍ ከመሳቢያ አውጥቼ ለማረም ሞከርሁ። ለልጅቷ አንድ ቃል ልስጣት ብዬ ጀመርሁ። «እምቢ» ካለች ጀግናው ወይ ወደ ቤቱ መመለስ አለበት፣ ወይም ጀግና መሆኑ ይቀራል። «እሺ» ካለች ደግሞ ተስማምተው ይኮበልላሉ እንጂ ጓደኛ ማስከተል ለምን አስፈለገ? አንዲት ቃል ስትገባ የጠለፋው ትዕይንት በሙሉ ተናደ። ግራ ሲገባኝ ያችን ተዋናይት ፈልጌ አገኘኋት፤ ዛሬ አንጋፋ ሆናለች። ያን ጊዜ «መቼ?» ብለሽ የጠየቅሽኝን ታስታውሻለሽ ወይ አልኋት። ታስታውሳለች። እንግዲያውስ ያን ገጸ ባሕርይ ያን ሁሉ ምሽት ስትጫወቺ፣ በሁለቱ ገቢሮች መካከል፣ መጋረጃው ወርዶ ሳለ ለራስሽ ምን መልስ ትሰጪው ነበር አልኋት። ጥቂት አሰበችና «ምንም» አለችኝ። «የልጃገረዷን ቀሚስ አውልቄ የእናቲቱን ቀሚስ ለመልበስ የነበረኝ ሁለት ደቂቃ ነው። ምን ጊዜ ነበረኝና?»

ሁለተኛው ገቢር አሁን እንደ አዲስ እየተጻፈ ነው። ሦስተኛውን ገና አልጀመርሁትም።